የጎደሉት አሥራ ሰባት ኳሶች

ዶምኒካ ፕርሎግ በምክር ቤቱ አዳራሽ ሃያ ሰባት ዓመት ስትሠራ አንድም ኳስ ጠፍቶባት አያውቅም። ምስጢራዊ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ለእያንዳንዱ እንደራሴ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር የእንጨት ኳስ ታድላለች፤ ሲያበቃ ቆጥራ ትረከባለች፤ ወልውላ እንደ ገበታ መጫወቻ ወደተቦረቦረው ትሪያቸው ትመልሳለች። ኳሶቹ ከዶሮ እንቁላል ጥቂት ያንሳሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር በእሳት ተተኩሶበታል። ሌላው አገር ቁልፍ እየተጫነ ድምፅ በሚሰጥበት ዘመን ቡካሬስት ውስጥ ትልልቁ ነገር አሁንም በኳስ ይወሰናል። እንደራሴዎቹ መሣሪያ አይወዱም፤ መሣሪያ ያስታውሳል።

አሰጣጡ ለሕፃን አይከብድም። መድረኩ ፊት አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሣጥን ይቆማል። ነጩን ኳስ በነጩ ሣጥን፣ ጥቁሩን በጥቁሩ የጨመረ ደግፏል፤ ያፈራረቀ ተቃውሟል። ሁለቱንም ኳስ ያልጨመረ ሰው ድምፁ አይቆጠርም። የሣጥኖቹ አፍ በጨርቅ የተጋረደ ስለሆነ እጅ እስከ አንጓው ይገባል፤ ምን እንደሠራ የሚያውቀው እጁ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት በኅዳር የቀረበው ጉዳይ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ማገድ ነበር። ለዶምኒካ ይህ የጋዜጣ ወሬ አልነበረም። በሚያዝያ፣ ከትውልድ መንደሯ ከፐልቲኒሽ በላይ ያለው ግድብ ሞልቶ ሳለ መሐንዲሶቹ ውኃውን ቀስ በቀስ እንልቀቀው ብለው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን ቅዳሜ ከግድቡ በታች ድልድይ ሊመርቅ ቀጠሮ ይዟል፤ ጫማው እንዳይረጥብ ውኃው ይቆይ ብሎ በስልክ አዘዘ። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ውኃው ማንንም ሳይጠይቅ መጣና አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። አንዱ የዶምኒካ ታናሽ ወንድም ኢላሪዬ ነው። መርማሪዎቹ የፕሬዚዳንቱ ስልክ ጥሪ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ቀን ከሥራ ተነሡ፤ መዝገቡም ታሸገ። እንደራሴዎቹ የሚሰበሰቡት ለዚህ ነበር። እሱ ከታገደ መዝገቡ ይከፈታል። ዶምኒካ ከዚያ በላይ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

የፐልቲኒሽ ሸለቆ እንደራሴ ቫሌር ዝገርዳን ይባላል፤ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት የከብት ሐኪም ነበር። በአርባው ቀን ሻማ ይዞ መጥቶ ከስንዴ ንፍሮው ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቷል። ከዚያም የኢላሪዬ መቃብር ላይ እጁን አድርጎ «እኔ ቫሌር በሕይወት እያለሁ ይህ ሰው በዚያ ወንበር አይቀመጥም!» ብሎ ማለ። የኢላሪዬ ሚስት ሉክሬትሲያ እጁን ሳመችው። ዶምኒካ ግን አልሳመችም፤ የአዳራሽ ሠራተኛ ናት፣ መሐላ ሲረግፍ ብዙ አይታለች።

በድምፁ ቀን ጠዋት ከቡና ቤቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ኳሶቿን ስትወለውል ዝገርዳንና ሴናተር ግሪጎራሽ አጠገቧ ቆመው ይነጋገሩ ነበር። ግሪጎራሽ ድሮ ወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱም ሠራተኛ ጆሮ እንዳለው ትዝ አላለውም።

«አንተ ቫሌር፣ ምነው ፊትህ የታመመች ላም መሰለ?»

«ተወኝ እስቲ። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም።»

«ሕሊናህ ነው?»

«ምን ሕሊና! ሕዝበ ውሳኔው ነው እንጂ። እኛ ብናግደው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሕዝቡ ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሕዝቡ ‹ይመለስ› ቢልስ? ተመልሶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስልሃል?»

«ድምፁ እኮ ምስጢር ነው፣ ሰውዬ።»

«ላንተና ለኔ ነዋ ምስጢር። ለሱ ምኑ ይሰወረዋል?»

«እንግዲያው ተቃወም።»

«ብቃወም ደግሞ ፓርቲው ለሚቀጥለው ምርጫ ከዝርዝር ያወጣኛል። ፐልቲኒሽ ደግሞ በድንጋይ ነው የሚቀበሉኝ። መሄጃ የለኝም።»

ግሪጎራሽ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዶምኒካን አይቶ ግን እንደ ወንበር አለፋት። «የፕሬዚዳንቱ አማካሪ አናገረህ?»

«አንተንም?»

«‹ጥቁሯን በኪስህ ይዘህ ውጣና አሳየኝ› ነው ያለኝ። የልጄን የቆንስላ ሥራ ያኔ እንነጋገራለን አለ።»

«እኔንም የሚስቴን ወንድም የደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አደርገዋለሁ ብሎኛል» አለ ዝገርዳን፣ እንደ መናዘዝ።

«ይኸው ተገላገልክ! አልደገፍክም፣ አልተቃወምክም። ተሳስተሃል። ሰው አይሳሳትም እንዴ?»

ዝገርዳን ትንሽ ቀለል አለው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስሕተት እንደ ዘመድ ቤት ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠለሉባታል። ግሪጎራሽ ከሄደ በኋላ ወደ ዶምኒካ ጠረጴዛ ጠጋ አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ቀድሞ ሰላም ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እትዬ ዶምኒካ፣ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶክተር።»

«እኔ እምለው… እንዲያው ለጨዋታ ነው እንጂ… ከነዚህ ኳሶች አንድ ሁለቱ ቢጎድሉ ሰው ልብ ይላል?»

«እኔ ልብ እላለሁ።»

«አይ፣ ለጨዋታ ነው።»

«ገብቶኛል። ሉክሬትሲያ ሰላም ብላዎታለች። ዛሬ ከብቶቹን ለጎረቤት ሰጥታ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች፤ እርስዎን ልታይ።»

ዝገርዳን ቡና አዘዘ፤ ሳይጠጣውም ሄደ።

ከረፋዱ ላይ ስም መጠራት ተጀመረ። ዶምኒካ በቀኝ እጇ ነጭ፣ በግራዋ ጥቁር እያነሣች አራት መቶ አርባ አንድ ጊዜ ሰጠች። ከሰጠች በኋላ የማንንም እጅ ላለማየት ዓይኗን ትሪው ላይ ታሳርፋለች፤ ማንም ያላዘዛት የራሷ ሕግ ነው። ያን ቀን አንዴ ብቻ ሕጓን ጣሰች። ዝገርዳን ነጩን ኳስ ከጨመረ በኋላ ጥቁሩ ሣጥን ፊት ቆሞ ጣሪያውን አየ፤ ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር። እጁ ተጨብጦ ገባ፤ ተጨብጦ ወጣ። ከዚያ መሐረብ የሚፈልግ መስሎ ኪሱ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ቆጠራው ተነበበ። ለማለፍ ከተገኙት ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው እንደራሴ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። አሥራ ሰባት ሰው ድምፁ አልተቆጠረም። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ፉጨት አሰማ፣ ሌላው አጨበጨበ። ዶምኒካ ትሪዋን ደረደረች። ነጩ ሞላ። ከጥቁሩ አሥራ ሰባት ጉድጓድ ባዶ ቀረ። የየጉድጓዱን ቁጥር በወረቀት ጻፈች።

በማግስቱ የአዳራሹ አስተዳዳሪ ቴዎፊል ቢሮው አስጠራት። ከእሷ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት ተቀምጧል።

«ይቀመጡ፣ እትዬ። ድካም አለብዎት። ጡረታ ስንት ወር ቀረዎት?»

«አምስት።»

«አምስት ወር! ዓይን ጨፍነው ቢገልጡ ያልቃል። ይኸውልዎ፣ ትንሽ ነገር ናት። ኳሶቹ አርጅተዋል። ድሮውኑ አሥራ ሰባት ጥቁር ይጎድል ነበር፣ እኔ ሳላሳውቅ ቀርቻለሁ ብለው ይፈርሙ። ማንም አይቀጣዎትም።»

ዶምኒካ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ደንቡን ከቴዎፊል በተሻለ ታውቀዋለች። የታደለው ኳስ ተሟልቶ ካልተመለሰ፣ ይህም በአሥር ቀን ውስጥ ከተረጋገጠ፣ ድምፁ እንደገና ይሰጣል። ኳሱ ድሮውኑ ጎዶሎ ከነበረ ግን የዕቃ ብልሽት ነው፤ ውጤቱ እንዳለ ይጸናል። ኢላሪዬን የበላው ውኃ መዝገብ እንደታሸገ የሚቀረው በእሷ ፊርማ ነው ማለት ነው።

«ድሮውኑ ጎድሎ ቢሆን» አለች፣ «አሥራ ሰባት ሰው ጥቁር ሳይደርሰው እጁን ዘርግቶ ይቆም ነበር። አንተም መድረኩ ላይ ነበርክ። እጁን ዘርግቶ የቀረ ሰው አየህ?»

«እትዬ…»

«በሚያዝያ ቆጥረን ሞልቶ ስንረከብ የፈረምከው አንተ ነህ። ዓመትም አልሞላው።»

የቴዎፊል ጆሮ ቀላ። «ማስረጃ የለዎትም! ቃል ብቻ ነው ያለዎት። አንድም ኳስ አላገኙም።»

ዶምኒካ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው በእጇ ጻፈች፦ «አራት መቶ አርባ አንድ ጥቁር ኳስ አድዬ አራት መቶ ሃያ አራት ተረክቤአለሁ። የቀሩት ቁጥራቸው ከዚህ በታች ያለው ነው።» አሥራ ሰባቱን ቁጥር ዘርዝራ ፈረመች። ቴዎፊል መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በዚያው ቀን ትሪው ከእሷ ተወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ እሷም ምድር ቤት ካፖርት ተቀባይ ሆነች።

ሉክሬትሲያ ስልክ ደወለች። «ዶክተሩ መንደር መጥቶ ነበር» አለቻት። «‹እኔ ደግፌ ነበር፣ ግን የአዳራሿ ሴትዮ ኳሱን አጓድላ ሰጥታ ነገሩን አበላሸችው› ይላል። ሴትዮዋ አንቺ እንደሆንሽ እያወቀ! የፕለም አረቄ ቀዳሁለት እኮ፣ ቆሌውን ይግፈፈው!»

«ጠጣው?»

«ሁለት ጊዜ።»

ዶምኒካ ስልኩን አስቀመጠች። በአደባባይ መሐላ፣ በጓዳ ድርድር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥፋቱን ካፖርት ለምትቀበል ሴት። እነዚህ ሰዎች የሚያመነቱት ነገሩን ስለሚመዝኑ ነው ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ነበር። ዶምኒካ ጋዜጣውን ለእርጥብ ጫማ ማስቀመጫ አነጠፈችው።

በዘጠነኛው ቀን በረዶ ጣለ። ዝገርዳን ወፍራም የበግ ቆዳ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ፊቷን ላለማየት ካፖርቱን ባንኮው ላይ ወርውሮ ወደ ላይ ወጣ። ዶምኒካ አንሥታ ስትሰቅለው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ልታስተካክለው ስትል ከኪሱ አንድ ነገር ወድቆ ድንጋዩ ወለል ላይ ነጠረ፤ ተንከባሎም ከእግሯ ሥር ቆመ።

ጥቁር ኳስ ነበር። አንሥታ በመብራቱ አየችው። ሦስት መቶ ስምንት። ከጻፈቻቸው አሥራ ሰባት ቁጥሮች አምስተኛው።

መጀመሪያ አልገባትም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለምን በኪሱ? የአማካሪው ቢሮ ሁለት ፎቅ ብቻ ወጥቶ ነው። ቆይቶ ገባትና ለብቻዋ ሳቀች። ድምፁ ይደገማል የሚል ወሬ በከተማው ስለነበር ዶክተሩ ማን እንደሚያሸንፍ እስኪታወቅ እየጠበቀ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከጸና ኳሷን ያሳያል፤ ከወደቀ ወንዝ ይወረውራታል። ራሱን ሸጦ እንኳ ዕቃውን ለማስረከብ ያመነታ ሰው ነው።

ኳሷን መሐረቧ ውስጥ ጠቀለለች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝገርዳን ወረደ። ካፖርቱን ሰጠችው። ለብሶ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ኪስ፤ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወለሉን አየ፣ መስቀያውን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«የጠፋብዎት ነገር አለ፣ ዶክተር?»

«እኔን? የለም… የለም።»

«ይንገሩኝና ልፈልግልዎት። ምን ዓይነት ነገር ነው? ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው?»

«ምንም አይደለም።»

«ክብ ነው?»

የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ምንም አልጠፋብኝም አልኩ'ኮ!»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ። ኢላሪዬን ያህል ነገር የጠፋባቸው አሉ።»

ዝገርዳን ወደሚሽከረከረው የመስታወት በር ሄደ። በሩ አዙሮ ወደ ውስጥ መለሰው፤ ሊጠይቃት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ተወው። እንደገና ገባበት፤ እንደገና ውስጥ ተገኘ። በሦስተኛው ዙር ውጭ ቀረ። በረዶው ላይ ቆሞ ኪሱን ሲገለብጥ በመስታወቱ ታየ።

ዶምኒካ ባንኮው ላይ «እመለሳለሁ» የሚለውን ካርቶን አቆመች። የቴዎፊል ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ የጋዜጠኞቹ ክፍል ሁለተኛ። ኳሷን ከመሐረቡ አወጣችና፣ ቁጥሩ ወደ ላይ እንዲሆን መዳፏን ዘርግታ፣ በትልቁ ደረጃ መሐል ለመሐል ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።