ሸራ ሰፊው ድንኳን ውስጥ ሲያርፍ

ሸራ ሰፊው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ድንኳን ሲሰፋ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ድንኳን ውስጥ አድሮ አያውቅም። ስለዚህ ልጁ «አባዬ፣ ቅዳሜና እሁድን ገጠር ወስደን እናዝናናሃለን፤ የምታድረው ድንኳን ውስጥ ነው፣ ግን አልጋም ሻወርም አለው» ስትለው ሳቀባት። አልጋና ሻወር ካለው ምኑን ድንኳን ሆነ? እሱንማ ቤቱም ያገኘዋል።

የኋላ ኋላ እሺ አለ፤ እሺ ያለው ግን በአንድ ቃል ኪዳን ነው። ወገቡን ካመመው ወዲህ ልጁና ባሏ «ሥራ በቃህ፣ ሱቁን ዝጋ» እያሉ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቁት ነበር። «የሱቄን ነገር በእኔ ላይ የሚወስን ካለ አባት የለኝም ይበል» አላቸው። ሁለቱም ማሉለት። አርብ ዕለት ልጁ የሱቁን ቁልፍ ጠየቀችው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ መብራቱን ያስተካክላል አለችው። ሰጣት። ልጁን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ቅዳሜ ድንኳኑ ጋ ገና ከመድረሱ ደሙ ፈላ። ወለሉ ምንጣፍ፣ አልጋው ሦስት ሰው የሚያስተኛ፣ ትራሱ ስድስት። ስድስት ትራስ ለአንድ ጭንቅላት! እሱ ግን ዓይኑን የጣለው ጣሪያው ላይ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ስፌቱን ተከተለው፤ ነጠላ ነው። ውሃ በሚወርድበት በኩል ነጠላ ስፌት! መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያስገባል። እሱ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያስረክብ ኖሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሸራውን ፊቱ ላይ ይወረውሩለት ነበር። አስተናጋጁን ጠራው።

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

«ከውጭ የመጣ ነው፣ አባቴ» አለ አስተናጋጁ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ከፈለገ ከሰማይ ይምጣ! ዝናብ ከጣለ አልጋው ላይ ነው የሚዘንበው!»

«በዚህ ወቅት አይዘንብም። ዘና ይበሉ።»

ዘና ይበሉ! ይህን ቃል ሲሰማ አንጀቱ ያራል። አማቹ ሳቁን እንደምንም ዋጠ፤ ልጁ እጁን ይዛ ወንዝ ዳር ወዳለው ወንበር ወሰደችው። ቀኑን ሙሉ «ይመችሃል? ይበርድሃል? ትራስ ልጨምርልህ?» እያለች ተሽከረከረችለት። እንዲህ ስትንከባከበው ቁጣው በረድ አለ፤ ሆዱም ባባ። በማግስቱ ሲነሳ ወገቡ አልጠዘጠዘውም። ይህም ራሱ አናደደው፤ ልጁ ትክክል ነበረች ብሎ ማመን ሊኖርበት ነዋ።

እሁድ ረፋድ ላይ አማቹ ሻንጣ ወደ መኪና ሲጭን፣ ልጁ ሻወር ገብታ ሳለ ስልኳ ጠራ። ተወው። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው አነሳው።

«ሄሎ፣ ባለቤቷ ነዎት?» አለ የማያውቀው ሰው። «ያቺን ትላንት ከሱቁ ገዝተን የወሰድናትን የሸራ መስፊያ መኪና ተክለናት ነበር፣ ግን ክር ትበጥሳለች። ሽማግሌው ክሩን እንዴት ነበር የሚያስገቡት?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ! እንክብካቤው፣ ወንዙ፣ ስድስቱ ትራስ፣ ሁሉም እሱን ከሱቁ ዞር ለማድረግ! ሰውዬውን ሌባ ሊለው አፉን ከፈተ። በስልኩ ውስጥ ግን ሰውዬው መርገጫዋን ረገጠ፤ ስፌት መኪናዋ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አለችና ክሯን በጠሰች። ደግሞ ረገጠ። ደግሞ በጠሰች። ሸራ ሰፊው ይህን መስማት አልቻለም።

«አትርገጥ!» ብሎ ጮኸ። «መርፌዋን ትሰብራታለህ፣ አንተ! ጎድጎድ ያለው የመርፌዋ ጎን ወደ ግራ ይዙር። ክሩን ከላይ ሁለቴ ጠምጥመው፣ አንዴ አይበቃትም።»

«እሺ አባቴ፣ ቆይ… ሁለቴ…»

ልጁ ፎጣዋን ጭንቅላቷ ላይ እንደጠመጠመች ወጣች። ስልኩን እጁ ላይ ስታይ ፊቷ ቀላ።

«አባዬ፣ ለወገብህ ብለን ነው። ብንነግርህ እሺ አትልም ነበር።»

«አዎ፣ እሺ አልልም ነበር! የእኔ አይደለችም እንዴ? አፌን ዘግታችሁ፣ በትራስ አፍናችሁ ትሸጧታላችሁ?» ድምፁ እስከ ጎረቤት ድንኳን ተሰማ። ልጁ ማልቀስ ጀመረች፤ አላዘነላትም። «አሁኑኑ አስመልሻት! ራሴ ልንገረው!»

ስልኩን ጆሮው ላይ መልሶ ለጠፈው። ስፌት መኪናዋ ያለ አንዳች መቆራረጥ እየሰፋች ነበር፤ ድምፅዋም እሱ ራሱ ሲረግጣት እንደምታሰማው ነው። ከዚያ ቆመች።

«ተባረኩ አባቴ!» አለ ሰውዬው በደስታ። «ሸራውን እንደ ወረቀት በሳችው እኮ! አልሠራ ካለች ዛሬውኑ ልንመልሳት ነበር።»

ሸራ ሰፊው አፉ ላይ የደረሰው ስድብ ሁሉ የሚገባው ለማን እንደሆነ ጠፋው።