ድፈኚው የተባልኩት ጉድጓድ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በስታቲስቲክስ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ሳለ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። የዚያን ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼን ስም እንኳ ለማስታወስ አሁን ግንባሬን ማሸት አለብኝ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ለልጆቼም ተርኬላቸው አላውቅም።

ያን ሰሞን ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር በዕርዳታ መጣ። አለቃችን ጓድ በላቸው ሚስታቸው የሠራችውን ዳንቴል አለበሱት፣ ክፍሉንም አስቆለፉት፤ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። አቧራ ይገባል ብለው ስለሚፈሩ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ነበር የምንገባው። አንድ ፈረንጅ መጥቶ ጥቂት ጊዜ አስተማረኝና ሄደ። ከዚያ በኋላ እኔና ማሽኑ ተፋጠጥን።

ሥራዬ የአንገር ጉቲን ሰፋሪዎችን የቤት ለቤት ቆጠራ ወደ ማሽኑ ማስገባት ነበር። የሰፈራ መንደር ቤቶች ፊትና ኋላ ሳይዛነፉ በመስመር የተሠሩ ስለነበሩ እያንዳንዱ ቤት የመስመርና የተራ ቁጥር አለው። ፕሮግራሙ ደግሞ ይህን ሁሉ ቁጥር ወስዶ አንድ ሥዕል ያወጣል። ብዙ ሰው ያለበት ቤት ከፍ፣ ጥቂት ሰው ያለበት ዝቅ ብሎ፣ መንደሩ በሙሉ ቆላና ደጋ ያለው አገር ይመስላል። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «ኮረብታው» እንለው ነበር። ጓድ በላቸው ኮረብታውን ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች ሊያሳዩት ቸኩለዋል።

ኮረብታው ግን በቀላሉ አልወጣም። መጀመሪያ ማሽኑ ጭራሽ አልሥልም አለ። ቆጣሪዎቹ ሰው የለቀቀውን ቤት በሰረዝ ነው የሚያልፉት፤ እኔም እንዳለ ሰረዙን አስገባሁ፤ ለካ ማሽኑ ሰረዝ አያውቅም። እሱን በሚገባው ምልክት ስለውጥ ሥዕሉ ወጣ፤ ግን ወንዙ ዳር ያለው መስመር ጫካው ዳር ሄዶ ቁጭ ብሏል። መስመሩንና ተራውን አቀያይሬ ኖሮ መንደሩን በሙሉ አዙሬዋለሁ። እሱን ሳስተካክል ደግሞ መሐል ላይ አንድ ጦር የመሰለ ነገር ተተክሎ ሌላው ሁሉ ሜዳ ሆነ። አምስት ሰው ያለበትን ቤት ሃምሳ ብዬ መትቼው ነበር። ጓድ በላቸው፣ «እንዲህ የሚወልድ ሰፋሪ ካለማ ይሸለም እንጂ» ብለው ሳቁብኝ።

በመጨረሻ ኮረብታው አማረ። እኔ ግን ከፊት ያለው ከፍታ ከኋላ ያለውን እንደሚጋርድ ፈረንጁ ነግሮኝ ስለነበር ሥዕሉን በሌላ ጎን አዙሬ አወጣሁት። ያኔ ነው ጉድጓዱን ያየሁት። ከኋላ፣ ከፍ ከፍ ባሉ ቤቶች መሐል፣ አንድ ቦታ ላይ መሬቱ እስከ ታች ተበስቷል።

ቅጹን አውጥቼ ሳይ ዜሮ ይላል። ገረመኝ። ባዶ ቤት ቢሆን እንደ ሌላው ሰረዝ ይደረግበት ነበር። ዜሮ የተጻፈው እዚያ ቤት ብቻ ነው። አንድ ሰው ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው።

ጓድ በላቸው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ያስጠይቀናል። የጎረቤቶቹን አማካይ አስገቢና ድፈኚው» አሉኝ።

«ሥዕሉ ላይ ብደፍነው ቅጹ ላይ ዜሮ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ለቤት ክፍፍሉ ይሄዳል» አልኳቸው።

የቤት ክፍፍል ያልኩት ይህ ነው። አዲስ ሰፋሪዎች ሊመጡ ስለሆነ ባዶ ቤቶች እንዲሰጡ ታዟል። አንድ ሰው ብቻ የቀረበት ቤትም ይወሰዳል፤ ብቻቸውን የቀሩት ተሰብስበው ሌላ መንደር ይሄዳሉ። ቤተሰብ ያለበት ቤት ግን አይነካም። እንግዲህ በዚያ ዜሮ ስር ሰው ካለ፣ ከክረምቱ በፊት ከቤቱ ሊወጣ ነው። አለቃዬ ጥቂት አሰቡና ላንድሮቨሩ ቅጽ ለማምጣት ወደዚያው መሄዱ ስለማይቀር አብሬ እንድሄድ ፈቀዱልኝ።

በማግስቱ ሾፌሩ ኦቦ ለሜሳ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር እቤታችን ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። መንገዱ ሲያላጋን ውሎ ቆላው ውስጥ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። መንደሩ ላይ ቆጣሪውን እንድሪስን አገኘነው። እሱም ራሱ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የተማረ ቀጭን ጎልማሳ። ቤቱን ስጠራለት ሳይጠይቀኝ አወቀው።

«የእትዬ ፋጡማ ቤት ነው» አለኝ። «እሷ አለች። አንድ ብዬ ልጽፍ ስል ተቆጣችኝ። ሰው የለም እያልሁህ ውሸት ትጽፋለህ? አለችኝ። እኛ ደግሞ የታዘዝነው የተነገረንን እንድንጽፍ ነው።»

ስለ ቤት ክፍፍሉ ስነግረው ደነገጠ፤ አልሰማም ነበር።

እትዬ ፋጡማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ከእኔ ብትበልጥም ገና ወጣት ናት፤ ከሠላሳ ብዙ አትርቅም። ደጇ ተጠርጎ ንጹሕ ነው። ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለችንና በቆሎዋን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችን፤ ኦቦ ለሜሳ ግን እዚሁ ይሻለኛል ብለው በሩ ጋ ቆሙ። ቤት ውስጥ ከአንድ መደብና ከአንድ እንስራ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አላየሁም።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አልኳት። እንዴት እንደምጀምር ስላልገባኝ ነው።

«ለዚህ ልጅ ነግሬዋለሁ እኮ። ማንም የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔን ተይኝ፣ እቴ። ሰው ማለት ‹እማዬ› ብሎም ሆነ ‹አንቺ› ብሎ የሚጠራው ያለው ነው። እኔን ማን ይጠራኛል?»

ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ በቆሎውን እየፈለፈለች፣ የገበያ ዋጋ እንደምትነግረኝ ሆና ነው። ባሏና ሦስት ልጆቿ በአንድ ክረምት ወባ ወስዷቸዋል። እንድሪስ ነው በኋላ የነገረኝ።

የቤቱን ነገር ነገርኳት። የምትወሰድበት መንደር ሩቅ መሆኑን ጭምር አልደበቅኋትም። እጇ ቆመ። በጓሮ በኩል ባለው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች፤ እኔም አብሬ አየሁ። ከዋንዛው ሥር ድንጋይ የተደረደረባቸው አራት የአፈር ክምሮች አሉ፤ ሦስቱ አጫጭር ናቸው።

«እነሱንስ ያነሷቸዋል?»

«አይ፣ አንቺን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሳሩን ማን ይነቅልላቸዋል? ከብት ነው የሚረግጣቸው።»

እንድሪስ አንገቱን ደፍቷል።

«ስንት ብሆን ነው የሚተዉኝ?» አለች።

«ልጆች ካሉ፣ ቤተሰብ ከሆነ አይነኩትም።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ሁላችንንም ጻፊን። ድሮስ ሁላችን እዚሁ አይደለን?»

ዛሬ ሆኜ ሳወራው ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የሐሰት ሪፖርት ማቅረብ ቀልድ አልነበረም፤ ከእኔ ይልቅ ደግሞ እንድሪስን ነበር የሚያስጠይቀው። እሱን አየሁት፤ እሱም አየኝ። የተናገሩት በሩን ተደግፈው የቆሙት ኦቦ ለሜሳ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«በሬሲ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። ጻፊ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

እንድሪስ አዲስ ቅጽ አወጣ። ባሏን በአንደኛው ተራ ሊጽፍ ሲል እጁን ቆም አደረገና፣ «እሱን ብንተወው ይሻላል። ለዘመቻ ይጠሩታል» አለ።

«ወላሂ ከመቃብርም ቢሆን ያወጡታል» አለች እትዬ ፋጡማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኛም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብን።

ከዚያ የልጆቿን ስም ጠራች። ሰይድ። ዘሀራ። ሙሐመድ። የሰይድንና የዘሀራን ዕድሜ ሳታመነታ ነገረችው። ሙሐመድ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ። «እሱ ገና ይድሃል» አለች። እንድሪስ አንድ ዓመት ብሎ ጻፈ። እኔ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ተከትላኝ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ እንጂ» እያለች እኔን ታጽናናኛለች። ማን ማንን ማጽናናት እንደነበረበት ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስንለያይ ኦቦ ለሜሳ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ረቢ ሲ ሀ ጀጀቤሱ» ብለው እግዚአብሔር እንዲያበረታት መረቁላት። ኦሮምኛ አትሰማም፤ ግን አሜን አለች።

እሷን ከሦስቱ ልጆቿ ጋር አራት ብዬ አስገባሁ። ጉድጓዱ ጠፋ።

ጓድ በላቸው ሥዕሉን ሲያዩ እንዴት ደስ እንዳላቸው! እንግዶቹ መጡ፤ አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱ ተሰቀለ። አለቃዬ ጣታቸውን በኮረብታው ጀርባ ላይ ቀስ አድርገው እያሳለፉ፣ «እዚህ ጋ የመረጃ ስህተት ነበር። ይህች ልጅ በረሃ ድረስ ወርዳ አስተካክላዋለች» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ጣታቸው የነበረው እነሰይድ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብሎ፣ «እንዴት ለስላሳ ነው!» አለ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወጣሁ።

ቤቱ ግን አልተወሰደም። በክፍፍሉ ጊዜ የእትዬ ፋጡማ ደጃፍ ታለፈ። ይህን ስሰማ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራው እንደገና ሲደረግ እንድሪስ ራሱ ቅጾቹን ይዞ ነቀምቴ መጣ። ሻይ ቤት ወሰድኩትና ስንጫወት የእትዬ ፋጡማን ቅጽ ፈልጌ አወጣሁ። አራቱም አሉ። ግን የሦስቱም ልጆች ዕድሜ በአንድ ጨምሯል።

«ይሄን ማን ጨምር አለህ?» አልኩት። ተጠንቅቆ የአምናውን እንዳለ ይገለብጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ስኳሩን አማሰለ።

«እሷ ናት» አለኝ። «የአምናውን ልጽፍ ስል፣ ልጆቼ ባሉበት ቆመው ሊቀሩ ነው ወይ? አለችኝ። ሰይድ ትምህርት ቤት ይግባልኝ ብላ ነበር፤ እዚያ ስም ይጠራል፣ ሲታጣ ቀሪ ይባላል ብዬ ስለምናት ተወችው። የትንሹን ግን ሁለት ብለህ ጻፍ፤ ጡት ጥሏል አለችኝ።»

ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ከነቀምቴ ለቅቄ ወጣሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ ያ አገርም ብዙ አየ። እትዬ ፋጡማ የት እንደደረሰች የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሐሰት ጻፍሽ የሚለኝ ካለ አዎ፣ ጽፌያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ። በእሱ አልጸጸትም።

ልቤን የሚሰብረው ሌላ ነው። እንድሪስ «ጡት ጥሏል» ሲለኝ፣ እዚያ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ልጁ አደገ ብዬ ለአፍታ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ ያ ደስታ ነው።