በራስ ላይ የዞረ ሳንቲም

የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ወር እንደሞላት ነው ትኩሳት የያዛት። ያኔ ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት ሳይንስ አስተምር ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ለመንገድ ሥራ አፋር ወርዷል፤ ደመወዝም እንደ ልማዱ ቀኑን አሳልፏል። ጠዋት ስነሳ የልጄ ገላ እሳት ሆኖ አገኘሁት። ጡት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ትንሽ ቆይታ ማልቀሷንም ተወችው። የፈራሁት ያኔ ነው። ቆላ ላይ ዝም ያለ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ተምሬአለሁ።

ቆቦ ወስጄ ላስመረምራት ቦርሳዬን ገለበጥኩት። አንድ ብር እንኳ የለም። አብረውኝ የሚያስተምሩትም እንደኔው ደመወዝ ጠባቂዎች ናቸው፤ ብጠይቃቸው መሳቀቅ ብቻ ነው ትርፉ።

አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምላቸው። ዱዓቸው ይደርሳል እየተባለ በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይጠራሉ። እሳቸው ዱዓ ሲያደርጉ ቤተሰቡ ሳንቲም በበሽተኛው ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ያዞርና ለደሃ ሰደቃ እንዲያደርሱለት ይሰጣቸዋል። በሽታው ከሳንቲሙ ጋር ተያይዞ ይወጣል ነው ነገሩ። ክርስቲያኑም እንደ እስላሙ ያዞር ነበር። እማማ ግን ያን ሳንቲም ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ሰደቃውን ከራሳቸው ማሽላ እየሰፈሩ ያወጣሉ፤ ሳንቲሙን አልጋቸው ሥር ባለች የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይጨምራሉ።

"የሰው በሽታ አንስቼ ለደሃ ልስጥ እንዴ?" ይሉኝ ነበር። "ደሃ የራሱ መች አነሰውና!"

እኔ እስቅባቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ገብቼ ጣሳዋን ለመንኳቸው።

"ኧረ ተይ አበባዬ!" አሉ ደንግጠው። "ያለችኝን ብር ትናንት ለግብር ባልከፍላት ላንቺ እነፍግ ነበር? ይኸማ የሰው በሽታ ነው።"

"እማማ፣ ሳንቲም ሳንቲም ነው። እኔ አላምንበትም።"

"በታመመች ልጅሽ ላይ ሌላ ልትጨምሪባት ነው?"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ተንበርክኬ ጣሳዋን ራሴ ጎትቼ አወጣኋት። አልከለከሉኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አላህ አፊያ ያርግልሽ" አሉ ብቻ።

ጣሳዋ ከልጄ እኩል ትከብዳለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሽልንግ፣ ስሙኒ፣ አስር ሳንቲም፣ ከነዝገቱ እስከ አፏ ሞልቷል። ልጄን አቅፌ፣ ጣሳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ረዳቱ የሮቢት ልጅ ነበር። ሒሳብ ሲለኝ ክዳኑን ከፈትኩ።

"ቲቸር፣ ይቺ ጣሳ የእማማ አይደለችም እንዴ?"

መዋሸት ነበረብኝ፤ ግን ጭንቅ ላይ ስሆን ውሸት አይመጣልኝም። ጣሳዋን ወደ ራሴ ሳብ ሳደርግ ገባው። የዘረጋውን እጅ ቶሎ ሰበሰበ።

"እኔ አልነካውም ቲቸር። ግዴለም፣ በነጻ ሂጂ።"

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ከፊት የተቀመጠ ገበሬ ዞር ብሎ ልጄን አየና ፊቱን መለሰ። በነጻ መሄዴ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ይህ ሁሉ ሰው የፈራውን ነገር እኔ ጭኔ ላይ አስቀምጬ የልጄን እግር አስደግፌበታለሁ። ጣሳዋን ወደ ወለሉ አወረድኳት። ትንሽ ቆይቼ በእግሬ ገፋኋት። የሳይንስ አስተማሪዋ! ባለፈው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የወባ ትንኝ ከነእግሯ የሳልኩት ሴትዮ!

ቆቦ አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳንቲሙን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው እንዴ ያደርሽው?" አለችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቆሜ አስቆጠርኳት። የካርዱ፣ የምርመራው፣ የመድኃኒቱ ተነስቶ ጣሳዋ ውስጥ ዘጠኝ ብር ገደማ ቀረ። ደሟ ሲታይ ወባ ነው። ነርሷ መድኃኒቱን በማንኪያ አጠጣቻት፣ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችላትና "ሁለት ሰዓት ጠብቂ፤ ካልበረደላት ወልድያ ሆስፒታል ነው" አለችኝ። በምን ገንዘብ ብዬ አልጠየቅኋትም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን መከታተል ያዝኩ። ዓይኖቿ ግማሽ ተከፍተው ነጩ ብቻ ይታያል። ያኔ ነው ጣሳዋን ማየት የጀመርኩት። እማማ ማን ቤት ሄደው እንደመጡ ማታ ማታ ያጫውቱኝ ስለነበር በሽተኞቹን አውቃቸው ነበር። ቢጫ የሆነው ወጣት፤ ከወለደች በኋላ ያልተነሳችው ሙሽራ፤ ሁለቱ መንትዮች። ስሙኒው የማን ነው? ሽልንጉስ? ይቺን ልጅ የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ገና በሕይወት እያለች አለቀስኩላት።

ከትናንት ጀምሮ እህል ስላልቀመስኩ ጡቴ ደርቋል። ለእሷ ስል ዳቦ ልግዛ ብዬ ልጄን ለነርሷ አደራ ሰጥቼ እስከ በሩ ወጣሁ። አንዲት ወጣት ሴት ላስቲክ ላይ ዳቦ ዘርግታ ትሸጣለች። የልጄ እኩያ የሆነ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ሁለት ስሙኒ ሰጠኋትና አንድ ዳቦ ወሰድኩ።

"ዝርዝር አለሽ እንዴ?" አለች ፊቷ በርቶ። "ወይ እናቴ! ዝርዝር አጥቼ ገበያዬ ሲበላሽ ነው የዋለው። ያለሽን ሁሉ ስጪኝና ብር ልስጥሽ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ቆቦ ውስጥ ማንም ጣሳዋን አያውቃትም፤ ሳንቲሙም የመመለሻዬን ይከፍልልኝ ነበር። እኔ ግን ጣሳዋን ላስቲኩ ላይ ገለበጥኳት። እያንዳንዷን ቆጥራ ድፍን ብር ሰጠችኝ፤ አንድ ትንሽ ዳቦም ምርቃት ብላ ጨመረችልኝ። ከዚያ አንድ የሚያብለጨልጭ አስር ሳንቲም መርጣ ለልጇ አስያዘችው። ልጁ ወዲያው ወደ አፉ ከተተው።

"ጥርስ እያወጣ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል" አለችኝ እየሳቀች።

ያንቀዋል ብላት ይበቃ ነበር። ለየትኛዋም እናት የምለው ነው። ግን አላልኳትም። አንዴ አፌን ከከፈትኩ ሁሉንም እንደምነግራትና ሳንቲሙን መልሳ እንደምታስታቅፈኝ ታውቆኛል። ባዶ ጣሳዬን ይዤ ገባሁ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጄን ላብ አጠመቃት፤ ከዚያ አለቀሰች። ነርሷ "እሰይ፣ መድኃኒቱ ሠራላት" አለች። እኔም በደስታ አብሬ አለቀስኩ። በልቤ ያልኩት ግን "ወጣላት" ነው። ወዴት እንደወጣም የማውቅ መሰለኝ። ስሄድ በሩ ላይ ቀና ብዬ አላየሁም።

ሮቢት ስንደርስ እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጄን ተቀብለው ግንባሯን ዳበሱ፣ ደጋግመው ሳሟት፤ ከዚያ ባዶዋን ጣሳ አዩዋት።

"ለማን ሰጠሽው?"

"ለሐኪም ቤትና ለመኪና፤ አለቀ" አልኳቸው። በዚህ ጊዜ ውሸቱ ሳልፈልገው ነው የመጣው።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ፤ ትከሻቸው ሲለቀቅ አየሁት። "ልጅ ያላት ደሃ እጅ ይገባል ብዬ ነበር ስንት ዓመት ስፈራ የኖርኩት።"

ልጄ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። በሽታ በሳንቲም እንደማይሄድ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ እኔም አምንበታለሁ። ያን ዕለት ግን የማምነው ሌላ ነበር፤ ያን እያመንኩ ነው ጣሳዋን የገለበጥኩት። ቆቦ ስሄድ በዚያ ክሊኒክ በር አላልፍም፣ ዙሪያውን እሄዳለሁ። የዚያች ሴት ልጅ፣ ካለ፣ የልጄ እኩያ ነው።