የእማማ የምስክርነት ቃል

ያን ጊዜ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ ምስክርን እጁን ይዞ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ሠራተኛ ይኑር አይኑር አላውቅም። ለእኛ ሕንፃ ግን እኔ ነበርሁ። በሱዳን በኩል በልጅነቴ ስለመጣሁ ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት ለቅሜዋለሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ጎረቤቶቼ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወይም ሐኪም ሲጠራቸው በሬን ያንኳኩ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልብስ ፋብሪካ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ማታ እወጣ ነበር።

እማማ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው፣ ከአማቻቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። በጎንደር ሳሉ ሰው በድንበር ሲካሰስ "እሷ ያየችውን ትናገርና ይብቃን" ይባልላቸው እንደነበር የአገራቸው ሰዎች ነግረውኛል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጡ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች፤ ግራ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ከሳምንት በፊት "ደረጃ ላይ ወደቅሁ" ብላኝ አምኛት ነበር። ለሐኪሙም ያለችው ይህንኑ ነው።

"አልወደቀችም" አሉ እማማ። "ባሏ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሚሽታራ ውሰጂኝ።"

ሚሽታራ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ከዕብራይስጥ ከሚያውቋቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነበር።

ፖሊሱ ይጽፋል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እማማ አልቸኮሉም። ጩኸት ሰምተው ከጓዳ እንደወጡ፣ አማቻቸው ልጃቸውን በወንበር ሲመታት እንዳዩ፣ ሁለተኛ ሲያነሳው መሐል እንደገቡ አንድ በአንድ ተናገሩ።

"በስንት ሰዓት?" አለ ፖሊሱ።

"በአንድ ሰዓት" አሉ።

"በአንድ ሰዓት" ብዬ ቃል በቃል ተረጎምሁ።

"ከቀኑ?" ሲል ጠየቀኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። የሥራ መግቢያዬ ደርሷል፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። እማማን ሳልጠይቅ "አዎ" አልሁት። ጻፈው። እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ሰውየው ከቤቱ እንዳይደርስ ታዝዞ ክሱ እስኪሰማ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት ሽማግሌዎች እየተመላለሱ እማማን ለመኗቸው። "ልጆቹን ያለ አባት ልታስቀሪያቸው ነው?" አሏቸው።

"እኔ ፍረዱበት አላልሁም" አሉ። "ሽማግሌ ጠይቆኝ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዳኛ ሲጠይቀኝ ልዋሽ?"

ልጃቸው ግን ቀስ በቀስ ዛለች። "ተይው እማ፣ ተይው" ትል ጀመር።

ከቀጠሮው በፊት እማማን ወስጄ የፍርድ ቤቱን ሕንፃ አሳየኋቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ ነገርኋቸው። "የአማችዎ ጠበቃ ይጮህብዎ ይሆናል፤ ሥራው ስለሆነ አይቆጡ። የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ" አልሁ።

"አላውቅም ለማለትም ትምህርት አለው?" ብለው ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "የአማቼን ፊት ማየት አልፈልግም። አንቺን እያየሁ እናገራለሁ" አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የተጠራችው ልጃቸው ነበረች። ወለሉን እያየች "አላስታውስም" አለች። ሦስት ጊዜ ተጠየቀች፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለሰች። የቀረው የእማማ ቃል ብቻ ሆነ።

እማማ ነጭ ለብሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አማርኛው የጠራ ሰው ነበር። "ከምሽቱ አንድ ሰዓት" ሲሉ በዕብራይስጥ አቆጣጠር "ማታ ሰባት ሰዓት" ብሎ በትክክል ተረጎመ። ፖሊሱ የጻፈው ግን በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጠበቃው ወረቀት አንስቶ ተነሣ።

"ለፖሊስ ከቀኑ አንድ ሰዓት ብለዋል። በዚያ ሰዓት ደንበኛዬ ፋብሪካ ነበር፤ የመግቢያና የመውጫ ካርዱ ይኸው። ይህን ሲሰሙ ነው ወደ ማታ ያዞሩት?"

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

"አላዞርሁም። ያን ጊዜም አንድ ሰዓት አልሁ፣ ዛሬም አንድ ሰዓት እላለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ምንድን ነው የሚለው?"

ብድግ አልሁ። "ስሕተቱ የእኔ ነው! እሳቸው አይደሉም!"

ዳኛዋ ካልተቀመጥሁ እንደምታስወጣኝ አስጠነቀቀችኝ። ለእረፍት ስንወጣ ለዐቃቤ ሕጓ ሁሉንም ነገርኋት፤ እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብሁ።

"ከቀኑ መሆን አለመሆኑን ጠይቀሻቸዋል?" አለኝ ጠበቃው።

"አልጠየቅሁም።"

"ታዲያ ማታ ማለታቸው እንደነበር በምን አወቅሽ?"

"እኛ ሰዓት የምንቆጥረው እንደዚያ ነው።"

"አንቺ ራስሽ እንዴት ነው የምትቆጥሪው?"

"እንደ እናንተ" አልሁ።

ፍርዱ የተነበበው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ለእማማ አጠገባቸው ተቀምጬ በጆሯቸው ተረጎምሁ፤ ያን ቀን አንዲት ቃል አልዘለልሁም። ምስክሯ ዋሽታለች አልልም፣ ነገር ግን ቃሏ ስለተጋጨ በእሱ ብቻ መፍረድ አልችልም አለች ዳኛዋ። ሰውየው በነፃ ተለቀቀ።

"ዋሽታለች አላለችም?" አሉ እማማ።

"አላለችም።"

"አምናኛለች?"

እጃቸውን ይዤ ከችሎቱ አወጣኋቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆሜ ፖሊሱ ምን እንደጠየቀኝና ምን እንደመለስሁ አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ግድግዳውን ስታዪ አይቼሻለሁ" አሉ። "ሥራ እንደረፈደብሽ ገብቶኝ ነበር። ምን እንዳልሽው ግን በምን ልወቅ?"

ከዚያ ቀን በኋላ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ግን ሌላ ሰው ዘንድ ይወስዱ ጀመር። ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመለስ እማማ ዕቃቸውን ይዘው አንዲት ዘመዳቸው ዘንድ ገቡ። ልጃቸው ሁለት ዓመት ከባሏ ጋር ቆየች፤ ከዚያ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ሄደች። ምን ቢደርስባት እንደሄደች ለማንም አልተናገረችም።

እማማ ያረፉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ልጃቸው አየችኝና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ውሃ ስትሰጠኝ ግራ ክንዷ እስከ መጨረሻው እንደማይዘረጋ አየሁ።

"መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ" አለች በሹክሹክታ። "እማ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም።"

"እኔንም" አልኋት።