ከገደሉ በኩል የጮኸው ጅራፍ

ትናንት አመሻሽ ላይ ወጥ እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን ሳየው ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ስልኩን አነሳሁት፤ ሃሎ የሚል የለም፣ እንዴት ነሽ የሚል የለም። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፣ ከዚያ ጧ አለ። የጅራፍ ድምፅ ነው። ወዲያው ተዘጋ። እኔም ወጡ እስኪያርር ድረስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳቅሁም።

ነገሩ እንዲገባህ ሦስት ሆነን ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ በተራራ አናት ወደሮጥንበት ክረምት ልመልስህ።

አንዱ ዲያቆን ነበር። አባቱ አንኮበር አጠገብ ያለ ደብር ያገለግላሉ፤ እሱ ለትምህርት ከተማ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ሁለተኛው ከአንኮበር ሥር ካለችው ከአልዩ አምባ የመጣ የነጋዴ ልጅ ነው። ሴቷ እኔ ነኝ፤ እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት አብረን እንለማመዳለን። በዚያ ክረምት አሰልጣኛችን ሦስታችንንም ከቡድኑ ቆረጠን። ተናደድን። ዲያቆኑ በአስፋልት ማንም ይሮጣል፣ እኛ በጫፍ በጫፉ አንኮበር እንግባ አለ። ለማን ልናሳይ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ማደሪያ አላጣንም፤ እኔ እዚያ አክስት ነበረችኝ።

ፍልሰታ ነበር። ዲያቆኑ ከሰዓት በኋላ አባቱ ደብር ደርሶ ሊቀድስ ስላሰበ ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም። ወገቡ ላይ ደግሞ ራሱ የገመደው የቃጫ ጅራፍ ተጠምጥሟል። ቡሄ ደርሶ ስለነበር ከአገሩ ልጆች ጋር ሊያጮኸው ነው። ጢም ያወጣ ዲያቆን ጅራፍ ታጥቆ ሲሮጥ እያልን ስንስቅበት፣ እንደሱ የሚያጮኸው ካለ እንድናመጣለት ይነግረን ነበር። እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

ከከተማው ስንወጣ ገብሱ በጤዛ ተኝቷል። ከፍ እያልን ስንሄድ እርሻው አለቀና የጓሳው ሳር ጀመረ። የረጠበ ጓሳ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ጭቃ ጭቃ፣ ቅዝቃዜ ቅዝቃዜ የሚል ሽታ። ጅብራዎቹ፣ ሰው የሚያካክሉት የደጋ ተክሎች፣ ከየጉብታው ላይ ቆመው ያዩናል። አንዱን ጫፍ ወጥተን ይሄ የመጨረሻው ነው ስንል ከኋላው ሌላ ይቆምብናል። ሳንባዬ እየተቃጠለ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ከትልቁ ጫፍ ላይ ዲያቆኑ ወደ ኋላ ቀረ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ውሃ ብንሰጠው እምቢ አለ፤ ሂዱ፣ ቁልቁለቱ ላይ እደርስባችኋለሁ አለን። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ይቀድመናል፤ ስለዚህ አምነነው ወረድን።

በዚያ በኩል ጉም ከሰማይ አይወርድም፤ ከቆላው ገደሉን ተያይዞ ይወጣል። አፍታም አልቆየ፣ የራሴን ጫማ ማየት አቃተኝ። የአልዩ አምባው ልጅ እጅጌዬን ይዞ ቁጭ አደረገኝ። በቅሎ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡት የሱ ሰዎች ጉም ሲይዛቸው ካሉበት አይነቃነቁም። ቁጭ ብለን ተጣራን። ድምፃችን እስኪዘጋ ዲያቆኑን ተጣራን። ነፋሱ ወሰደው። ቅዝቃዜው አጥንቴ ገባ፤ እኔ ግን የማስበው እናቱን ነበር። ማን ይነግራታል?

ብዙ ቆይቶ ከሩቅ ጅራፍ ጮኸ። ደስ አለኝ። የቡሄ ልጆች ናቸው፣ መንደር ቅርብ ነው፣ ሰው ይዘን እንፈልገዋለን ብዬ ተነሳሁ። ዘና ብዬ መራመድ ስጀምር እንደገና ጮኸ። የአልዩ አምባው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«በዚህ በኩል መንደር የለም» አለ። «ገደል ነው።»

ያኔ ነው የማን ጅራፍ እንደሆነ የገባን።

በእጅና በጉልበታችን ሄድን። ጧ ሲል እንንፏቀቃለን፣ ዝም ሲል ቆመን እንጠብቃለን። እጄ መጀመሪያ የነካው እርጥቡን ጅራፍ ነው። ዲያቆኑ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ አንድ እጁ ጅብራ አቅፎ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። እግሩን ቢዘረጋ ገደሉ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰለህ?

«ቅዳሴው አለፈኝ አይደል?»

ደረቱን በቡጢ መታሁት፤ ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ አለቀስኩ።

ጉሙ እንደ አመጣጡ ሄደ። ፀሐይ ወጥታ ቆላው በሙሉ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ዲያቆኑ ግን አሁንም ውሃ አልጠጣም አለ። ቅዳሴው ካለፈው ጾሙን እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊያደርስ ነው። ሰዓት ያሰረ ከመሃላችን የለም። የአልዩ አምባው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመና ጥላውን አየ።

«የዐስር ሶላት ገብቷል» አለ። «የኛ ዐስር ከገባ የናንተ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጠጣ።»

እሱ ጓሳው ላይ ሲሰግድ ዲያቆኑ በሶውን በጥብጦ ጠጣ። እየተፈራረቅን አዝለነው ሲመሻሽ አንኮበር ገባን። አሰልጣኙ እስከዛሬ አልሰማም።

ዲያቆኑ አሁን ቄስ ነው፤ የአባቱን ደብር ያገለግላል። በየዓመቱ ለቡሄ ይደውልልኛል። አይናገርም፤ ጅራፉን አንዴ አጩሆ ይዘጋል። ለአልዩ አምባው ማስተላለፍ የኔ ሥራ ነው። ዘንድሮ መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርኩም ተቋርጦ ክረምቱን በሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። ቡሄም አለፈ። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ትናንት፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሲል፣ ጮኸ።

እንባዬን ጠርጌ አዳማ ለሚነግደው ለአልዩ አምባው ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ አልጠበቀም።

«ጮኸ?» አለኝ።

«ጮኸ።»

«በየት በኩል?»

«በገደሉ አይደለም፣ በቤቱ በኩል» አልኩት።

ከዚያ ቀስ ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። እኔም ያረረውን ድስት ውሃ ሞላሁበት።