ሰብሪያ ድምጿን ያላነሳችበት ስብሰባ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት የምትይዘው ነርስ ሰብሪያ በሽር ናት። ደረሳ ተማሪዎችን ቁርኣን የሚያስቀሩት አባቷ፣ በክርክር ድምፁን የሚያነሳ ደረሳ ሲያጋጥማቸው «ያላወቀ ነው የሚጮኸው» ይሉ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አስናቀው ግን መጮኽ ሥራ ይመስለዋል። ደሴ ሄዶ ስለ ረጋ ያለ የሥራ ንግግር ሦስት ቀን ሠለጠነ። ሰርተፊኬቱን ከወንበሩ በላይ ሰቀለና፣ ሚስማሩ ጠመመ ብሎ የጽዳት ሠራተኛዋን ሰደባት። ከሥልጠናው ያመጣው የሆቴሉን ምሳ ወሬ ብቻ ነው።

በመስከረም የክትባት ማቀዝቀዣው መሞቅ ጀመረ። ሰብሪያ የሙቀት መዝገቡን ይዛ አስናቀው ቢሮ ገባች። «እኔ የፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ?» አላት። በደብዳቤ አመለከተች፤ ሳያነብ ፈርሞ ተቀበለ። ደግማ ጻፈች፤ ያንንም ፈረመ። እሷ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን እየደገፈች ቆየች።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ክትባቱ ተበላሽቶ አደረ። ወርቂቱ የምትባል ገበሬ ልጇን አዝላ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታ ነበር። ሰብሪያ ዛሬ ክትባት እንደሌለ ነገረቻት። ወርቂቱ አንቀልባዋን አጥብቃ ተመለሰች። ሰብሪያን ከስድብ ይልቅ ይህ ከበዳት።

ጉዳዩን የምታጣራ ሀይማኖት የምትባል ባለሙያ ከዞን መጣችና ሠራተኛው ተሰበሰበ። አስናቀው ጠረጴዛ እየደበደበ ጥፋቱን ሁሉ በሰብሪያ ቸልተኝነት አሳበበ። እውነቱን የሚያውቁት ባልደረቦቿ ስልካቸውን ይነካካሉ። ሰብሪያ መዝገቡንና የሁለቱን ደብዳቤዎች ቅጂ ፊቷ አስቀመጠች።

«ጨረሱ፣ አቶ አስናቀው?» አለች።

አልጨረሰም ኖሮ ስለ አስተዳደጓ ጨመረበት። አባቷ ሲነሱ ፊቷ ጋለ። መልሱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። የፈለገችው ማቀዝቀዣ ነው።

«ስለ አስተዳደጌ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ የመጣነው ስለ ክትባቱ ነው። መስከረም አሥራ አንድ ሙቀቱ ዘጠኝ ዲግሪ ደረሰ፤ ከስምንት ማለፍ የለበትም። በማግስቱ ጻፍኩ። በሃያ ስድስት ደግሜ ጻፍኩ። ሁለቱም ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ።» ወረቀቶቹን ለሀይማኖት አቀበለቻት። «ማቀዝቀዣ ካልመጣ እናቶችን እንደገና መመለሴ ነው። የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው።»

አስናቀው «ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ሥርዓት» እያለ ቀረ።

ከስብሰባው በኋላ ባልደረቦቿ ተራ በተራ ኮሪደር ላይ እየጠበቁ፣ የኃላፊውን በር እያዩ፣ በሹክሹክታ «አበጀሽ» አሏት። ጀግንነታቸው ይህን ያህል ነበር። አንዱማ «አንቺ ስትፈጠሪም ቀዝቃዛ ነሽ» አላት። ሰብሪያ መድኃኒት ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የጋለ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች።

አስናቀው በጽሑፍ ተገሠጸ። ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው ሰብሪያ በሌለችበት ነው። ማቀዝቀዣው በኅዳር መጨረሻ ሲመጣ ወደ ወርቂቱ መልእክት ላከች። ወርቂቱ መጣች፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። ልጇን አስከትባ ካርዷን ስትቀበል፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለች። ሰብሪያ ቀኑን ነገረቻት።