ሱዚ በጎማ ሙዚየም

ፀሐይ ያጋለው ጎማ ሲሸተኝ ዛሬም ቆም እላለሁ። አዳማ ላይ ደግሞ ከዚህ ሽታ ማምለጫ የለም፤ ባጃጁም ጎሚስታውም እሱን እሱን ይላል። በሸተተኝ ቁጥር ያቺ የጎማ ሙዚየም ትመጣብኛለች።

ሙዚየም ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ጡረታ የወጡ አንድ የጎማ ነጋዴ መጋዘናቸውን አጽድተው የከፈቷት ናት። ዩኒቨርሲቲ እያለን ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ከሕፃንነቴ አብራኝ ያደገችው የጎረቤቴ ልጅ፣ እና አንድ የክፍላችን ልጅ። ልጁን ወድጄው ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ! ከሁለታችን የቷን እንደሚመርጥ እስካውቅ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ባለቤቱ፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ እንደ ድፎ የወፈረ ጥሬ ጎማ አስነኩን። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን አቧራው ይጨፍራል። ቦቲውን፣ በረባሶውን፣ ላጲሱን ሁሉ አሳዩን። ጥጉ ላይ ከከመነዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ተቆርጦ እርስ በርሱ የተቀጠለ ሱዚ ተሰቅሎ ስናይ እኔና እሷ እኩል ጮኽን። ልጆች ሆነን ሦስተኛ ስለሌለን አንዱን ጫፍ ወንበር እግር ላይ እያሰርን ነበር የምንዘለው።

"ጋሼ፣ እንዝለልበት?" አለቻቸው።

"ጋሪዳ፣ ደግ ነው! ለዚሁ አይደል የተሠራው፣ ዝለሉ ልጆቼ።"

ቶሎ ብዬ "እኔ እይዛለሁ" አልኩ። ብልጠቴ ነበር። ሱዚ የሚይዙት ሁለቱ ላስቲኩን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እሱ ሌላውን ጫፍ ሲይዝ እኔን እያየ ይቆያል ብዬ። የት አባቱ ሊያየኝ! ዓይኑ ከእሷ እግር አልተነቀለም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እየሳቀች ስትዘል ቀናሁ። ምነው በተሰናከለች ብዬ ተመኘሁ። አልተሰናከለችም።

ተጋቡና ሻሸመኔ ገቡ። ሚዜ ሆኜ ሸኘኋቸው። እሱንማ ሳልውል ሳላድር ረሳሁት፣ እውነቴን ነው። የእሷ ነገር ግን አልሆነልኝም። አመሻሽ ላይ የእናቷን የግቢ በር እያየሁ አለቀስኩ። ለካ የምቀናው በእሱ ኖሯል። ወሰዳት እኮ!

ባለፈው እሑድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ "አክስቴ፣ ሱዚ ያዢልኝ" አለችኝ። ለሌላው ጫፍ ወንበር ልስብ ስል እናትየው "ወንበሩን ተይው፣ እኔ አለሁ" ብላ ጫማዋን አውልቃ ላስቲኩ ውስጥ ገባች። ፊት ለፊት ቆምን። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል። እያየችኝ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ገና አንዴ እንደዘለለች ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ባሏ ነበር።

"ኧረ እንሂድ፣ መሸብን!"

"መጣሁ!" ብላ እግሯን ከላስቲኩ አወጣች። ላስቲኩ ተስፈንጥሮ ቁርጭምጭሚቴን ገረፈኝ።

"ውይ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ ከበሩ ዞራ።

"ምንም አልሆንኩ፤ ሂጂ፣ ይጠራሻል" አልኳት።